ፍራሽ የሌለው አልጋ

ወታደሮች ከሞላሌ ጋራዤ ሲወስዱኝ እጄ ላይ ያለውን ግራሶ እንኳ አልታጠብኩም። «ጫካ ላሉት መኪና ጠግነሃል» አሉኝ። እኔ የመጣልኝን ሁሉ እጠግናለሁ። ያጎሩን የእህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ የከረመ ገብስና የሰው ላብ ይሸታል፣ ውርጩ በቆርቆሮው ስር እየገባ አጥንት ይሰረስራል። «ልጅህ ጫካ ገብቷል» ተብለው የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የሚለብሱትን የሱፍ ባና ያካፍሉኝ ነበር።

ከመጋዘኑ ጎን አንዲት ክፍል አለች። ውስጧ ፍራሽ የሌለው የብረት አልጋ፤ ሰው እሱ ላይ ታስሮ ይገረፋል። እኔም ቀምሼዋለሁ። አንድ ጠዋት ሽማግሌውን «ከሰዓት ያንተ ተራ ነው» አሏቸው። አንቱ እንኳ አላሏቸውም!

ወዲያው የወታደሮቹ አዛዥ አስጠራኝ። የናፍጣ መኪናው ሞተር አልዞር ብሎታል።

«አውርደው።»

«ማሳረፊያ ሳይሠራለት አይወርድም።»

«መሬት ላይ አስቀምጠዋ!»

«የዘይት ቋቱ ይሰነጠቃል። ኋላ እኔን እንዳይጠይቁኝ።»

«እንጨት ሞልቶልሃል።»

«እንጨት አይችለውም። የሚችለው ብረት እዚያ ነው» ብዬ ወደ ክፍሏ በአገጬ አሳየሁት። አጥሩ ስር የተጋደመውን ሌላ ብረት እንዳላየ አልፌዋለሁ።

ትክ ብሎ አየኝና «ውሰደው» አለ።

አልጋውን በመጋዝ ስቆርጠው ድምፁ መጋዘኑ ድረስ ይሰማ ነበር። ከከተማው ብየዳ ማሽን አስመጡልኝ፤ አራት እግርና መስቀለኛ ማገር አድርጌ በየድኩት። ሞተሩን ፈታትቼ፣ በባሕር ዛፍ ግንዶች ላይ ፓራንኮ የሚባለውን የክብደት ማንሻ ሰቅዬ በሰንሰለት አነሳሁትና አሳረፍኩት። ፍንክች አላለም።

ከሰዓት ሽማግሌውን ወሰዷቸው፤ ክፍሏ ባዶ ስትሆንባቸው ግራ ገብቷቸው መለሷቸው።

«ልጄ፣ ቦታዬን ሞተር ያዘብኝ አሉ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ቀድሞዎት ተኛ።»

እዚያ ቤት ስንስቅ ያ የመጀመሪያችን ነው።

ሞተሩ ተሠርቶ መኪናው ላይ ሲመለስ አዛዡ ማሳረፊያውን በጫማው ነካ አደረገው።

«አሁን ይሄን አልጋ አድርገህ መልሰው።»

«አልበይድም።»

«ምን አልክ?»

«ሞተርዎን ሠርቻለሁ። አልጋውን ግን በዚህ እጄ አልበይድም።»

የዚያን ቀን ቆሜ ተገረፍኩ። ይሻላል፤ ቆመህ የመቺህን ዓይን ታያለህ። አልጋውን እንዲበይድ የብየዳ ማሽኑን ባለቤት ቢያስጠሩት «ማሽኔ ተቃጥሏል» አለ። ሽማግሌው አልጋው ላይ ሳይወጡ ተፈቱ።

እኔም ኋላ ተፈትቼ ወደ ጋራዤ ተመልሻለሁ። ያ ሰውዬ ዛሬም ማሽኑን ያውሰኛል፤ ስለ መቃጠሉ አንስተን አናውቅም። ባለፈው አንድ ደንበኛ እግሩ የተሰበረ የብረት አልጋ አመጣልኝ።

«ፍራሽ አለው?» አልኩት።

«ምን ማለትህ ነው? ልጆቼ የሚተኙበት አይደል እንዴ!»

«እንግዲያስ አምጣው» አልኩና ማሽኑን አስነሳሁ።