«እሳቸው»ን «እሱ» ያልኩ ጊዜ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። እናቴም ሳትሰማው አለፈች። ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳ ነገሩን በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ «ያንን ነገር» እያልኩ ነው የማልፈው፣ አላህ የማያውቀው ይመስል። እናንተ ክርስቲያኖቹ የንስሐ አባት አላችሁ። ድሬዳዋ ሳድግ የጎረቤታችን ልጆች ተናዝዘው ቀልሏቸው ሲመለሱ አይ ነበር፤ እቀናም ነበር። እኛ ዘንድ የአላህ ለአላህ ነው፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ራሱ አፉ ካላለ አይወርድም። የኔ ባለሐቅ ሴት ናት፤ የት እንዳለች አላውቅም። አማርኛ እንደምታነብ ግን አውቃለሁ። እስክታገኘው ድረስ እናንተ ስሙኝ።

አብዲ እባላለሁ። አባቴ ሲያረጅ ከድሬ ወደ ሀርጌሳ ተመለስን፤ ኮድቡር የሚባል ሰፈር ውስጥ ስልክ የምጠግንባት ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። ከሱቁ ሌላ ብሎግ ነበረኝ። ያኔ እንደኔ ያለው ብዙ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት አንድ ሻይ ቤት እየተሰበሰብን፣ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እየጠጣን፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ እናወራለን እንል ነበር። እውነቱን ለመናገር ወሬያችን የማንን ጽሑፍ ስንት ሰው አጋራው የሚል ነበር። የኔን ማንም አያጋራውም። ሶማሌኛዬ ድሬ ድሬ ይላል። ሆዳን የምትባል ብዕሯ የሰላ ልጅ ነበረች፤ «የአብዲን ብሎግ የሚከፍተው ራሱ አብዲ ነው፣ ለዚያውም በሁለት ስልክ» ብላ ሰዉን ታስቃለች። አብሬ እስቃለሁ። ቤት ስገባ ግን ያንገበግበኝ ነበር።

ብርቄን ያመጣት ስልኳ ነው። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። የአማርኛ ፊደል ጫንልኝ ብላ መጣች። ስጭንላት፣ «ወንድሜ፣ የሆዴን መጻፍ እወዳለሁ። የት ብጽፈው ነው ስልኬ ቢሰበር የማይጠፋው?» አለችኝ። ብሎግ ከፈትኩላት። ስሟን አልጻፈችበትም። የሚያነቡላትም እንደሷ በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆችና ሲሚንቶ ሲያቦኩ የሚውሉ የሀገሯ ሰዎች ነበሩ። ከከተማው ሰው አማርኛዋን የሚከታተል እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በዚህም ታምነኝ ነበር። ስትጨርስ ሁሌ «አየኸው?» ብላ ትደውላለች።

አንድ ቀን ስለምትሠራበት ቤት ጻፈች። የግቢው የመጨረሻ ልጅ በታህሪብ ሄዷል፤ እዚህ በበረሃና በባሕር ወደ አውሮፓ መሄድን ታህሪብ ይሉታል። ከሄደ ወዲህ አልደወለም። ቤተሰቡ ግን ልጁ በሕይወት አለ ብሎ ቆርጧል፤ ማልቀስ ሟርት ነው ተብሎ ተከልክሏል። «ከምሳ በኋላ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ እሳቸው ወደ ማድ ቤት ይመጣሉ» ይላል የብርቄ ጽሑፍ። «ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፣ እጄን ይይዛሉ፣ ያለቅሳሉ። ቋንቋዬን አያውቁም፣ እኔም የሳቸውን እምብዛም አላውቅም። ለዚህ ይመስለኛል እኔን የመረጡኝ።»

ከላይ እስከ ታች «እሳቸው» ነው። አማርኛ ሲያከብር ወንድና ሴት አይለይም። ብርቄ አክብራም ነው፣ ሸሽጋም ነው። የሚያለቅሱት የልጁ እናት ነበሩ፤ ያቺ ቃል ግን እንደ ኩታ ሸፍናቸዋለች። ሶማሌኛ ይህ የለውም። ወይ እሱ ትላለህ ወይ እሷ፤ መሸሻ የለህም።

ሳላስፈቅዳት ተረጎምኩት። የራሴ አስመስዬ ስሜን ጻፍኩበት። «እሱ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። እናትየው በኔ ሶማሌኛ ባል ሆነው ወጡ፤ ቤተሰቡ ሲተኛ ማድ ቤት እየገባ የሠራተኛዋን እጅ የሚይዝ ሽማግሌ።

ሰዉ ተሻማበት። ሐሙስ ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ተለቀቀልኝ። ሆዳን ራሷ፣ «ወላሂ አብዲ፣ ዛሬ ጻፍክ!» አለችኝ። ያን ቀን የጠጣሁት ሻይ አሁንም ይታወሰኛል፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም። ይህንንም ጨምሬ እናዘዛለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሀርጌሳ ትልቅ ከተማ ይሏታል እንጂ ሰዉ እንደ አንድ ግቢ ሰው ነው። የመጨረሻ ልጁ በታህሪብ የጠፋበት፣ የሐበሻ ሠራተኛ ያለችበት፣ በሩ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ የቆመበት ቤት ሲባል ለማወቅ ጊዜ አልወሰደም። ኒሙን ብርቄ ጽፋው ነበር፤ እኔም እንዳለ ተውኩት፣ ያምር ነበርና። ሽማግሌው ሰው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚከበር ነበሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ወሬውን መጨረሻ የሰሙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ለእርቅ የሚጠራቸው ጠፋ። መስጊድም የሚሰግዱት ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ሆነ።

ነገሩን እናትየው ሊያቆሙት ሞከሩ። ዘመድ ተሰብስቦ ሽማግሌውን ሲያፋጥጥ ተነስተው፣ «እኔ ነኝ። ማድ ቤት እየገባሁ የማለቅሰው እኔ ነኝ። ልጄ ሞቷል» አሉ። ይህን ማለት ለሳቸው ምን እንደነበረ አስቡት። ልጃቸውን በገዛ አፋቸው ቀበሩት፣ ባላቸውን ለማዳን። ማን አመናቸው? «ባሏን ልትሸፍን ነው፣ ምስኪን» ተባለ። ሆዳን ይህን ሻይ ቤት ስታወራው ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር። ያኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ጽሑፉ የኔ አይደለም፣ በአማርኛው እንዲህ አይልም፣ ሴትየዋ እውነታቸውን ነው ብል ይበቃ ነበር። ስኳር ጨምሬ ሻዬን አማሰልኩ። ከመተርጎሜና ከዝምታዬ የቱ እንደሚከፋ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ዛሬ ማሰቡም ደክሞኛል።

ብርቄን የቤቱ ወንዶች ልጆች አስወጧት። ልብሷን በአንድ ሻንጣ አድርጋ፣ ወደ ድንበሩ ወደ ቶጎ ውጫሌ ከመሳፈሯ በፊት ሱቄ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ብሎጓን የከፈትኩላት እኔ ነኝና ሌላ ማንን ትጠርጥር?

«አብዲ፣ ምን ብለህ ነው የተረጎምከው?»

«ብርቄ፣ ወላሂ ቋንቋው ነው» አልኳት። «ሶማሌኛ እሳቸው የሚል የለውም። አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ ወንድ መስሎኝ ተሳሳትኩ።»

በአላህ ስም ማልኩላት፤ ይህም አለ። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ፣ «እኔስ ብሆን ምን አውቄ» አለች። «እሳቸው ያልኩት እንዳይታወቁ ብዬ ነበር፣ እኔው ነኝ ያጠፋሁት። አይዞህ ወንድሜ፣ አፉ ብዬሃለሁ። እማማ ግን አሁን ማን ጋ ሄደው ያለቅሱ ይሆን?» ሄደች። ባጃጅ ድረስ ሻንጣዋን እንኳ አልያዝኩላትም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ግን ይህንን የአፍ ወለምታ አስመስዬ ዓመታት ኖርኩበት። ለራሴም «ትርጉም ነው፣ ማንም ይሳሳታል» እለው ነበር። አልተሳሳትኩም። የብርቄ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ሌላ መስመር ነበር። «እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይጠርጋሉ» ይላል። ሻሽ በአማርኛም ሻሽ ነው፣ በሶማሌኛም ሻሽ ነው፤ ያገባች ሴት ራሷ ላይ የምታስረው። ከጽሑፉ ሁሉ መተርጎም የማያስፈልገው ያ አንድ ቃል ነበር። አየሁት። እናት እንደሆኑ አወቅኩ። አንዲት እናት ማድ ቤት አለቀሰች ብዬ ብጽፍ ማን ያጋራልኛል ብዬ አሰብኩ፣ ወንድ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ፣ ሻሹን አወጣሁና «በእጁ ጀርባ ይጠርጋል» ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ነው። ከዚህ የጠለቀ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም።

እነዚያ ሰዎች የማያነቡት ቋንቋ መርጠህ መናዘዝ ምን ዋጋ አለው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሽማግሌው አሁንም በሩ አጠገብ ነው የሚሰግዱት። እናትየውም ቢሆኑ ማድ ቤቱን አሁን የያዘችው የባላቸው የእህት ልጅ ናት፤ እሷ ፊት አይለቀስም። ስለዚህ በሶማሌኛም ጻፍኩት። የኔን ብሎግ ማን ይከፍታል፣ በሷ በኩል እንድታወጣው ዛሬ ጠዋት ለሆዳን ላክሁላት። «ስምህም ይውጣ?» ብላ መለሰችልኝ። ይውጣ አልኳት። ሚስቴም ከሰዉ እኩል ታነበዋለች፤ ቀድሞ ለመንገር ወኔ አጣሁ።

ብርቄ፣ ይህ ከደረሰሽ አንድ ነገር ልበልሽ። ያን ቀን አፉ ያልሽው ቋንቋ ያሳሳተውን ሰው ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው አልነበረም። ይቅርታሽን በሌላ ሰው ስም ተቀብዬ ስበላው ኖርኩ፤ መልሼልሻለሁ። ለኔ የሚሆን ካለሽ፣ ለእኔ ለአብዲ፣ አውቆ ላደረገው፣ እንደገና ትሰጪኛለሽ። ከሌለሽም ያንቺ ነው፤ ያዢው።