እትዬ ሳሌሃ ያልተቀበለችው ቅቤ

ቡታጅራ ገበያ ውስጥ እትዬ ሳሌሃን ለማግኘት መንገድ መጠየቅ አያስፈልግም፤ አፍንጫን መከተል ይበቃል። አብሹ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ኮሰረቱ፣ ተልባው በየማዳበሪያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል፤ እሷ መሃል ዱካ ላይ ተቀምጣ ገዢን ትመረምራለች። ትመረምራለች ያልኩት አውቄ ነው። ሌላው ነጋዴ «ምን ልስጥሽ?» ሲል እሷ «ለማን ነው? ምን ሆነ? ከመቼ ጀምሮ?» ትላለች። መልሱ ካልጣማት አትሸጥም። ጎረቤቷ ጨርቅ ሻጩ ሙከሚል «ይቺ ሴትዮ ፖሊስ ብትሆን ኖሮ እዚህ ከተማ ሌባ አይተርፍም ነበር» ይላል።

እኔ አሰገደች እባላለሁ፤ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ አራት። የወር አበባዬ ከቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ሙቀት ይጫወትብኝ ጀመር። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳለሁ ከደረቴ ይነሳና ፊቴን ይለበልበዋል፤ ላቡ በአንገቴ ይወርዳል፤ ጠመኔው እጄ ላይ ይረጥባል። ተማሪዎቼ «ቲቸር ወባ ይዟታል» ብለው አዘኑልኝ። ቤት ስገባ ደግሞ ባለቤቴ ሰይፉ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ በደብተር አራግባለሁ።

ሲብስብኝ እትዬ ሳሌሃ ዘንድ ሄድኩ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠየቀችኝ። ስኳር አለብሽ? ግፊትስ? የምትውጪው ክኒን አለ? ሁሉንም የለም ስላት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ቲቸር፣ ይሄ በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። ተልባውን ቆልተሽ ውቀጪና ጠዋት ጠዋት በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ። ቡናና ሚጥሚጣ ቀንሺ። ይሄን ናይሎን ልብስ አውልቂ፣ ጥጥ ልበሺ። አንዳንዷን ይረዳታል፣ አንዳንዷን አይረዳትም። ለምን እንደሆነ ወላሂ አላውቅም።»

«አይረዳሽም ይሆናል» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ ያየሁት ያን ቀን ነው። ኋላ ስሰማ፣ ባሏ የሞተባት ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ነው። ከመስቃን ገጠር አብሽ አዝላ በእግሯ እየመጣች ሦስት ልጆች አሳድጋለች። ፊደል የለየችው በልጆቿ ደብተር ላይ ነው። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ ለባሏ የማትነግረውን ለእሷ ትነግራታለች፤ ከዚያ ማዳበሪያ መሃል የወጣ ወሬ ደግሞ ተሰምቶ አያውቅም።

በሦስት ወር ውስጥ ሙቀቱ ቀለል አለልኝ። ተልባው ይሁን፣ ቡናውን መቀነሴ ይሁን፣ ወይ ጊዜው ይሁን አላውቅም። በአራተኛው ወር ግን ደም አየሁ። ትንሽ ነው፤ አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ሦስት ሳምንት ቆየ።

እዚህ ላይ ራሴን ልስደብ። የሴትን አካል ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ስሙን በየተራ የማስጠና ሰው፣ ደሙን ሳይ ደስ አለኝ! ወጣትነቴ ተመለሰ አልኩ። ለመምህራን ጓደኞቼ በሹክሹክታ ነገርኳቸው፤ ሁለቱ በዚያው ሳምንት ተልባ ገዙ።

እኛ ዘንድ ባለውለታ የሚመሰገነው በቅቤ ነው። አገና ካለችው እህቴ ለጋ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ መጣልኝ። የገበያ ዕለት ተሸክሜ ሄድኩና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«እትዬ ሳሌሃ፣ እጅሽ ይባረክ! ተልባሽ ወጣት አደረገኝ!»

ሴቶች ከበቡን። «እስቲ ለእኔም!» «ለእኔም ስፈሪልኝ!» ጎንበስ ብዬ ነገሩን በጆሮዋ ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ።

«ከቆመ ከሁለት ዓመት በኋላ?»

«አዎ!»

ቅቤውን በሁለት እጇ ወደ እኔ ገፋችው። «ይዘሽው ተመለሺ። ነገ ሐኪም ቤት ሂጂ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ተልባ ማንንም ወጣት አያደርግም። ለዚያ ብላ የመጣች ትሂድ፣ አልሸጥም።»

ቅቤ ይዞ የመጣን ሰው መመለስ እኛ ዘንድ ስድብ ነው። ያውም በገበያ መሃል! በወጣትነቴ ቀናችብኝ አልኩ። ሐኪም ቤት ሳልሄድ ቀረሁ። ሰይፉ «ኧረ ታዪ፣ ምን ይጎዳሻል?» ቢለኝ እሱንም አኮረፍኩት።

በአራተኛው ቀን፣ በእረፍት ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ባጃጅ አቁማ አገኘኋት። ለአረፋ ካልሆነ መደቧን ዘግታ የማታውቅ ሴት ናት።

«ቲቸር፣ ሄድሽ?»

«አልሄድኩም። ምን አገባሽ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ግቢ።»

«ክፍል አለኝ።»

«እኔም ገበያ አለኝ። ግቢ!»

ዘበኛው ጆሮውን አቁሞ ነበር፤ እንዳታዋርደኝ ፈርቼ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ አላናገርኳትም። እሷም ጉዳዬ አላለችኝም፤ ሐኪም ቤት ደርሰን ስሜ እስኪጠራ ድረስ ግን ክንዴን አልለቀቀችም።

ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ እስኪመጣ እህል በአፌ አልዞር አለ። የማህፀን ካንሰር ነው ተባልኩ። ማህፀኔ ወጣ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ «ገና ሳይሰራጭ ደርሰሽበታል። ብዙዎቹ ዓመት ቆይተው ነው የሚመጡት» አለኝ። ሙቀቱ ዛሬም አልተወኝም፤ ክፍል ውስጥ ያልበኛል። ያልበኝ፤ በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚያልበው።

ቤት ተኝቼ ሳገግም እትዬ ሳሌሃ አጥሚት ይዛ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እጇን አወዛወዘች። ከዚያ የከነከነኝን ጠየቅኋት።

«እኔ አስተማሪዋ ያላወቅሁትን አንቺ በምን አወቅሽ?»

ሻሿን አስተካከለች፤ መሬት መሬቱን አየች።

«ባሂራ የምትባል ታላቅ እህት ነበረችኝ። እሷም ካቆመች በኋላ ደም መጣባት። ተልባውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። መድኃኒቴ ሠራ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ ዓመት ሙሉ በእሷ ስም ሸጥኩ። እስክትሞት ድረስ ታመሰግነኝ ነበር፣ ቲቸር።»