አንገቷ እንዳይከብዳት

የጤና ጣቢያችንን ፒክአፕ ይዘን ወደ ሰቆጣ የወረድነው በዐቢይ ጾም፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሄድነው መድኃኒት ለመጫን አልነበረም። ከኋላዋ መጎተቻ አስበይደን፣ ተሳቢ አስረን፣ ተሳቢው ላይ የውሃ ታንከር ጭነን ለመመለስ ነበር። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ ብየዳ የማውቀው ብልጭታውን በዓይን ማየት እንደማይገባ ብቻ ነው። አለቃችን ግን «አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፤ ቆመሽ አሠሪ» አለኝ። ጠንቃቃ መባል እንዲህ ነው፤ ማንም ያልፈለገው ሥራ ዞሮ ዞሮ አንቺ ደጅ ይመጣል።

የምሠራበት ጤና ጣቢያ በደሃና በኩል፣ ገብስ የሚዘራበት ብርዳም ከፍታ ላይ ነው። እናቴና ወንድሞቼ ባሌ፣ ጎባ ናቸው። እዚህ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር፤ አሁን ስድስተኛውን ይዣለሁ። ጎባም ደጋ ስለሆነ ብርዱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ውሃው ነው። የጉድጓዳችን ፓምፕ ከተበላሸ ወር አልፎት ነበር። መለዋወጫው ይመጣል ይባላል፣ አይመጣም። በአህያ የምናስመጣበት ምንጭም እየቀጠነ ሄደ። በእናቶች ማቆያው ደግሞ ሰባት ነፍሰ ጡሮች ነበሩን። ማቆያ ማለት ቤታቸው ሩቅ የሆነ ሴቶች፣ ምጥ መንገድ ላይ እንዳይዛቸው፣ ቀናቸው ሲቃረብ ቀድመው መጥተው የሚቀመጡበት ቤት ነው።

ከሰባቱ አንዷ ከሁሉም ርቃ የመጣች ነበረች፤ የመኪና መንገድ ካለቀበት አምስት ሰዓት በእግር። የፊተኛውን ልጇን እኛ ጋ ልትወልድ ስትመጣ መንገድ ላይ ተገላግላ፣ ልጁ አልተረፈም። ለዚህኛው ከቀኗ ሦስት ሳምንት ቀድማ መጣች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ የአገሩን ቋንቋ፣ ኽምጣናን፣ የምችለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ብዙ አናወራም። ሌሎቹ ስለ ውሃው ሲያጉረመርሙ እሷ ዝም ትላለች። ቤት ሂጂ እንዳይሏት የፈራች ይመስለኝ ነበር።

አለቃችን ሰኞ ዕለት ቁርጡን ነገረን። «እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ውሃ ካልገባ ሴቶቹን እንሸኛለን። ውሃ በሌለበት ቤት ይህን ሁሉ ነፍሰ ጡር ሰብስቤ በሽታ ቢነሳ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እሱም ደክሞት ነበር።

ሰቆጣ ላይ ብየዳውን የያዙት አንድ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ቆቦ ወርደው የፈረስ ጋሪ መሥራት ተምረዋል፤ በኋላ ብየዳውን ጨመሩበት። በዚያ ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ ተኝተው ፒክአፗ ሥር ገቡና ሻንሲዋን በመዶሻ እየነኩ አዳመጡ።

«ደህና ናት» አሉ ከታች። «ያን ሁሉ ጦርነት አይታ አልታጠፈችም። እኔን ይመስል።»

ተሳቢው ከሚያያዝበት የመጎተቻው የብረት ኳስ ጋር አንድ ወረቀት መጥቶልን ነበር። የሰው አገር ቋንቋ ነው፤ ሥዕሉ ግን ይነበባል፤ ጽሑፉንም ቀስ እያልኩ ፈታሁት። ወረቀቱን ይዤ ሽማግሌውን ስነዘንዛቸው ዋልኩ። መጎተቻው የኋላ መከላከያው ላይ አይበየድ፤ ሻንሲው ላይ በብሎን ይታሰር። ኳሱ ቢለቅ እንኳ ተሳቢው እንዳይሄድ ሰንሰለት በመስቀል ይግባ። ፍሬቻና የፍሬን መብራት ተሳቢውም ላይ ይኑር። ሽማግሌው ሁሉንም «እሺ» አሉኝ። ሹፌራችን፣ የዚሁ አገር ልጅ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው፣ ግድግዳ ተደግፎ ያየኛል።

«ሲስተር፣ ይህን ተሳቢ ልታዋልጂው ነው እንዴ?»

«አንተ ዝም ብለህ መብራቱን አብራልኝ።»

መብራት ደግሞ ረቡዕ ከከተማው ጠፋ። ያለ ኤሌክትሪክ ብየዳ የለም። ረቡዕን ሙሉ፣ ሐሙስንም እስከ ከሰዓት፣ ሰንበሌጥ በለበሰች አንዲት አጥር ጥግ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ዳዊቴን አወጣለሁ፤ ሁለት መዝሙር ሳልዘልቅ ዓይኔ ይከደናል። የዚያን ሳምንት ድካም እንቅልፍ የማጣት ብቻ አልነበረም። ፓምፑን ስጠብቅ፣ ነዳጅ ስጠብቅ፣ መብራት ስጠብቅ፣ የመጠበቅ ጉልበቴ ራሱ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

መብራቱ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጣ። ብየዳው ካለቀ በኋላ የቀረው ታንከሩን ተሳቢው ላይ ማሰር ነበር። ሽማግሌው ወረቀቱን በጣታቸው ነኩት።

«ይህችኛዋስ ምን ትላለች ልጄ?»

«አባቴ፣ የጭነቱ ከአሥር እጅ አንዱ ኳሱ ላይ መውደቅ አለበት ትላለች። ታንከሩ ከጎማዎቹ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን ማለቷ ነው።»

«አንገቷ ላይ?»

«አዎ።»

ዞር ብለው ፒክአፗን በቅሎ እንደሚያዩ አዩዋት። «ይህን ያዘዘ ሰው ከብት ጠምዶ አያውቅም። ጋሪ ስትሠሪ መጀመሪያ የምታስቢው የፈረሱን አንገት ነው። ሸክሙ ወደ ፊት ከመጣ ፈረሱ ይቆስላል፤ ዳገት ላይ ይንበረከክብሻል። ሸክሙን ጎማው ይሸከመው። እሷ መሳብ ብቻ። ይህም ይበቃታል፣ ምስኪን።»

«እውነታቸውን ነው» አለ ሹፌሩ። «እሷም ጾመኛ ናት። ነዳጅ ከቀመሰች ስንት ቀኗ!»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ታንከሩን ከጎማዎቹ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አድርገው አሰሩት። ከዚያ ከጎረቤት ቧንቧ ሞላነውና ሽማግሌው የተሳቢውን አፍንጫ፣ ኳሱ ላይ የሚገባውን ጫፉን፣ በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉት። «እዩ! በአንድ እጅ!» በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ እየተቀባበለ አነሳው። እኔም አነሳሁት፤ የሕፃን ያህል ቀለለኝ። ወረቀቱ «ልክ አይደለም» የሚለው ይህንኑ ቅለት ነው፤ እኔም አውቄዋለሁ። ነገር ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስነዘንዛቸው ቆይቻለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ ናቸው፤ ያዘኑትም ለእኛው መኪና ነው። ታላቅን ደጋግሞ ማረም ትዕቢት ነው ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትሁት። ዛሬ ሳስበው ትሕትና አልነበረም። ደክሞኝ ነበር፤ ድካሜን ትሕትና ብዬ ጠራሁት።

ዓርብ በጠዋት በስመ አብ ብለን ተነሳን። ዳገቱን ደህና ወጣች። ሹፌሩ «ከኋላዬ ያለም አይመስለኝ» እያለ ነበር። የመጀመሪያው ረጅም ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ግን ጋቢናው ውስጥ ወንበሬ ቀስ ብሎ ወደ ግራ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ ተሰማኝ። በመስታወት ሳይ ተሳቢው እንደ ላም ጅራት ይወራጫል። አንዴ በገደሉ በኩል፣ አንዴ በተራራው በኩል። እያንዳንዱ መወራጨት ከፊተኛው ይሰፋል፤ የፒክአፗንም ኋላ ይዞ ይዞራል።

«ሲስተር፣ መሪው እየቀለለኝ ነው» አለ ሹፌሩ። ቀልዱ ከድምፁ ጠፍቶ ነበር።

ፍሬኑን አልረገጠም፤ እግዚአብሔር ይስጠው። እግሩን ከነዳጁ አንስቶ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። እኔ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ከማለት ሌላ የረዳሁት ነገር የለም። መወራጨቱ እየጠበበ መጥቶ ቆምን። ወርደን ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፍናቸው። ሹፌሩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ላቡን ጠረገ።

«ውሃው ከእኛ ቀድሞ መድረስ ፈልጎ ነው» አለ።

ወረቀቱን አወጣሁ። ከአፍንጫው የቀለለ ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ይወዛወዛል ይላል፤ ሥዕሉም አለ። እንባዬ መጣ። ለራሴ ፈርቼ አይደለም። ገና አራት ሰዓት አልሆነም ነበር፤ ስድስት ሰዓት ግን እንደማንደርስ ገባኝ። እንደዚያ ሆነን መውረድ አንችልም፤ ሙሉ ታንከር ደግሞ ሁለት ሰው ወደ ፊት አይገፋውም። ሹፌሩ ግማሹን እናፍስሰው አለ። በዚያ አገር መንገድ ላይ ውሃ አፍስሼ በየትኛው ፊቴ እሄዳለሁ?

እንዲህ ስንባባል ስምንት ሴቶች ባዶ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ከላይ ወረዱ። ከፊት ያሉት ትልቅ ሴት ታንከሩን አይተው ቆሙ።

«እኛ ውሃ ፍለጋ ስንኳትን ውሃ በመኪና ተጭኖ ያርፋል እንዴ?»

«ደክሞት ነው እማማ» አለ ሹፌሩ።

የዚያን ጊዜ ነው ነገሩ የታየኝ። ጭነቱ መቀነስ የለበትም፤ ከኋላ ወደ ፊት መምጣት ነው ያለበት። «እናቴ» አልኳቸው፣ «ጀሪካኖቻችሁን አውሱኝ። ከታንከሩ እቀዳበትና ተሳቢው አፍንጫ ላይ እደረድረዋለሁ።»

«ውሃውንም ጀሪካኑንም ይዘሽ ልትሄጂ? አይ ሲስተር፣ ነጭ ልብስ ለብሶ እንዲህ ያለ ዘረፋ አይቼ አላውቅም!» ሴቶቹ ሳቁ። ለማቆያው መሆኑን፣ ሰባቱ ሴቶች ዛሬ ሊሸኙ መሆኑን ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ። በኽምጣና ተነጋገሩ። ረጅም ነበር፤ ምን እንደተባባሉ ሹፌሩም አልነገረኝም።

«ሁለቱን ሞልተሽ ለእኛ ስጪ፤ ስድስቱን ውሰጂ» አሉ ትልቋ ሴት። «እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እዚህ ድንጋይ ላይ ካላገኘናቸው ግን ሲስተር፣ ለታቦቱ ነው የምንነግርብሽ።»

በዕድሜዬ ከዚህ የከበደ መያዣ ሰጥቼ አላውቅም። ውሃው ከታንከሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ሁለቱን ሞልተን ለሴቶቹ ሰጠን፤ ስድስቱን ሞልተን ከተሳቢው ፊት በገመድ አሰርን። የፒክአፗ ኋላ በአራት ጣት ዝቅ አለ። ሹፌሩ አንገቱን ነቀነቀ፤ «አሁን መኖሩ ታወቀኝ።» ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ ወረድን። ተሳቢው ዝም ብሎ ተከተለን።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አምስቱ ሴቶች ግቢ ውስጥ ጥቅላቸውን አስረው፣ የሚወስዳቸው ዘመድ እየጠበቁ ተቀምጠዋል። አንዷን የቅርብ ሰዎቿ ወስደዋታል። ያቺ ከሁሉም ርቃ የመጣችዋ ግን የለችም።

«እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቅሁ» አለ አለቃችን፣ ዓይኔን ሳያይ። «ባሏ መጣ። ሳይመሽ ዘመድ ቤት እንድረስ ብለው ወጡ።»

ተሳቢውን ፈታን። አፍንጫው አሁን ለሦስት ሰው ከብዶ ነበር፤ አለቃችን ራሱ መጥቶ አንድ ጎኑን ያዘ። በባዶዋ ፒክአፕ መንገዱ እስካለቀበት ሄድን። ሹፌሩን እዚያ ትቼ ቁልቁል በእግሬ ወረድሁ። ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ከእርከን ድንጋይ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ባሏ አጠገቧ ዱላውን ይዞ ቆሟል። አማርኛ ይችላል።

«ውሃው ገብቷል፤ ተመለሺ በልልኝ።»

ነገራት። ሳትመለከተኝ መለሰች።

«መውረዱን ወርጄዋለሁ፤ ይህን ልውጣው ነው ወይ ትላለች። ዛሬ መጣ፤ ነገስ ያልቅ የለም ወይ ትላለች።»

እውነቷን ነው። አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። «ነገም ሄጄ አመጣለሁ በላት» አልሁት። «ከነገ ወዲያ እሑድ ነው፤ ሰኞም አመጣለሁ። እስክትወልጂ አመጣለሁ በላት።» ስናገረው ሰውነቴ እንቢ እያለ ነበር። ቃሉ ግን ወጣ።

አቧራ የጠገበ ጫማዬን አየች። አንድ ነገር አለችና ባሏ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ምን አለች?»

«አንቺ ራስሽ ከዚህ መነሳት ትችያለሽ ወይ ነው የምትለው።»

አልችልም ነበር። ሁለታችንንም እሱ በየእጃችን ስቦ አስነሳን። መኪናው ጋ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ዐረፍን፤ ሁለቱን ጊዜ እረፍት የለመንኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጀሪካኖቹን ድንጋዩ ላይ ትተን ሰቆጣ ገባን። ሽማግሌው ቅዳሜን ብረት አይነኩም። ስለ ቁልቁለቱ ስነግራቸው ግን ቁልፋቸውን ይዘው መጡ፤ የታንከሩን ብሎን ፈትተው ሁለት ስንዝር ወደ ፊት አመጡት። ሲጨርሱ የፒክአፗን ኮፈን መታ መታ አደረጉ። «መኪና ለካ በሬ አይደለችም» አሉ።

ሰኞም ሄድን። ልጅቷ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ተወለደች። ጩኸቷ ግቢውን ሞላው፤ እናቷም ደህና ሆነች። አለቃችን በር ላይ ቆሞ «አንቺ አሁን ግቢና ተኚ፤ የነገውን እኔ ከሹፌሩ ጋር እሄዳለሁ» አለኝ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁትና ገብቼ ተኛሁ።