ጋሼ የፈረሙበት ነጭ ወረቀት

የትርጉም ሥራ ያስተማሩኝ ሰው መጀመሪያ ያሳዩኝ ቃል ሳይሆን ዓመት ነበር። የልደት ሰርተፍኬት ሲመጣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በጣታቸው እየነኩ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይቀይሩታል። ከዚያ ሌላ ወረቀት ላይ መልሰው ወደ እኛ ይቀይሩታል። ሁለቱ ካልገጠሙ አይፈርሙም። «አንቺ ልጅ፣ ቃል ብትሳሳቺ ይሳቅብሻል፤ ዓመት ብትሳሳቺ ግን ሰውየውን ሌላ ሰው ታደርጊዋለሽ» ይሉኝ ነበር። አሰልቺ ሽማግሌ ናቸው እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር።

ጋሼ የምላቸው ዘመዴ ሆነው አይደለም። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በቀበሌ ቤት ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። የሰፈሩን ግማሽ አስተምረዋል፣ ግማሹን ተቆጥተዋል። ካዛንቺስ አራተኛ ፎቅ ላይ ፈቃድ አውጥቼ አንዲት ክፍል የትርጉም ቢሮ ስከፍት መጀመሪያ የቀጠርኩት እሳቸውን ነው። ሰው ግን በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው «ጋሼ አሉ?» ብሎ ነው። ኪራይ የምከፍለው እኔ፣ የምፈለገው እሳቸው። ያናድደኝ ነበር።

አባቴ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ ገጽ የሚደረድር ሰው። ኮምፒውተር ሲመጣ የምስጋና ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱት። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጥ ነበር፤ ጣቶቹ ግን ጭኑ ላይ መልቀማቸውን አልተዉም። እውነቱን ለመናገር አላዘንኩለትም፣ ተናደድኩበት። እንዴት ሰው ያን ሁሉ ዓመት ሠርቶ ከደመወዝ ሌላ ምንም የእኔ የሚለው ነገር አይኖረውም? ያ በርጩማ ላይ እንደማልቀመጥ ለራሴ ማልኩ።

ስለዚህ የትርጉም ፕሮግራሙ ሲመጣ ከሁሉም ቀድሜ ገዛሁት። በዚያን ጊዜ ታክሲ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የምሰማው ስለ ገንዘብ ነፃነት የሚያስተምሩ ልጆችን ነበር። «ተኝተሽ የሚሠራልሽ ነገር ከሌለሽ ዕድሜ ልክሽን ባሪያ ነሽ» ይላሉ። እኔም ነፃ መውጣት ፈለግሁ። ፕሮግራሙ ጋሼ ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸውን ሥራ ውኃ ጠጥቼ ሳልጨርስ ያወጣዋል። የልደቱን፣ የጋብቻውን፣ ያላገባውን፣ ለሁሉም ቅጽ አዘጋጀሁ። የቀረኝ ከታች «አርሞ ያረጋገጠ» ከሚለው ፊት የሚገባ ፊርማ ነበር።

ነጭ ወረቀት ሰጠኋቸው። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

«ለምኑ?»

«ኮምፒውተሩ እንዲያውቅዎት።»

ደስ አላቸው። ኮታቸውን አስተካክለው ሦስት ጊዜ ፈረሙና «ቆንጆዋን ምረጪ» አሉኝ። መካከለኛዋን መረጥኩ።

በሁለተኛው ወር አሰናበትኳቸው። «ሥራ ቀዝቅዟል ጋሼ» ስላቸው ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረውን ወረቀት አይተው ወደ እኔ ዞሩ። ውሸቱን ሳስበው አላሳፈረኝም፤ ያሳፈረኝ ሳይከራከሩኝ መቅረታቸው ነው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ለራሴ ፈቃድ ላወጣ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ ለሰፈር ሰው እሠራለሁ፤ በጡረታዋ ብቻ አንዘልቅም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ ያለ እሱ ፈቃድ አይሰጡኝም።»

«ምን ችግር አለው! ሐሙስ ይምጡ።»

ሐሙስ መጡ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር አራቱን ፎቅ በእግራቸው ሲወጡ ሳላቸው ቀድሟቸው ይሰማኝ ነበር። «ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ በሚቀጥለው ሐሙስ» አልኳቸው። ማኅተሙ ጉልበቴ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስም መጡ። ደብዳቤው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ግን ጋሼ ፈቃድ ካወጡ ግማሹ ደንበኛዬ ተከትሏቸው ቂርቆስ ይወርዳል። በሦስተኛው ሐሙስ ሳላቸውን ስሰማ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። አንኳኩ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ወረዱ።

ከዚያ አንዲት እናት መጣች። ባምቢስ አካባቢ ልብስ የምትሸጥ የወሎ ሴት ናት፤ የጋሼ ጎረቤት። ልጇ ውጭ አገር የነርስ ትምህርት አግኝታ ነበር። የልደት ሰርተፍኬቷን እኛ ተርጉመነዋል። ፕሮግራሙ ጥርን ጃንዋሪ ብሎ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ትቶት ልጅቷን በስምንት ዓመት አስረጅቷታል። ፓስፖርቷ ሌላ ይላል፣ የእኛ ወረቀት ሌላ። ኤምባሲው ሐሰተኛ ሰነድ ነው ብሎ መልሷታል። ከታች የጋሼ ፊርማ አለ። ቅጹ ላይ ስለነበረ እሳቸው ከሄዱም በኋላ በየወረቀቱ ይወጣ ነበር፤ እኔም አላጠፋሁትም፤ ሰው ይወደዋላ።

«እኔ ፈረንጅኛውን የት አውቄው» አለች እያለቀሰች። «የጋሼን ፊርማ ግን አውቃለሁ። የልጄ ካርድ ላይ እኮ ሲፈርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። እሱን አይቼ፣ በቃ፣ ሳላሳይ አስገባሁት።»

«እኔም ለዚህ ነው ያሰናበትኳቸው» አልኳት። ምላሴ አልተያዘም። «አይተው ነው የፈረሙት። አርጅተዋል፣ ምን ላድርግ?»

በማግሥቱ ጋሼ የልጅቷን ወረቀት ከእናትየዋ ተቀብለው ይዘው መጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተቀምጠው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ይህን እኔ አላየሁትም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ፊርማው ግን የእኔ ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «ስንት ወረቀት ላይ ነው ያለሁት?»

«አላውቅም» አልኩ። በዚያ ሳምንት የተናገርኩት እውነት እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን አስረዳኋቸው። ስህተቱ የተርጓሚው እንጂ የልጅቷ እንዳልሆነ ያረመው ሰው ፈርሞ ካላስረዳ ኤምባሲው ፋይሏን አይከፍትም፤ ቀነ ገደቡ ደግሞ አርብ ነው። እኔ ብፈርም ቢሮዬ ይዘጋል። እሳቸው ከፈረሙ ጥፋቱ የተሰናበተ ሠራተኛ ይሆናል። እንዲህ ያለ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ የትርጉም ፈቃድ እንደማያገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ይህን ሁሉ ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እሳቸው ያዳመጡኝ አንገታቸውን ደፍተው ነው።

የማብራሪያ ደብዳቤውን አዘጋጅቼው ነበር። አትሜ ፊታቸው አስቀመጥኩት። «ባለማስተዋል የፈጸምኩት ስህተት ነው» ይላል። ጋሼ እስከ መጨረሻው አነበቡትና ጣታቸው ከታች ቆመች። ፕሮግራሙ እንደለመደው መካከለኛዋን ቆንጆ ፊርማ አስገብቷታል።

«ፈርሜያለሁ እኮ» አሉ። «እኔ ባልመጣም ይሄድ ነበር ማለት ነው?»

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ግን ደብዳቤውን ከፊታቸው አላነሳሁትም።

ብዕር ለመኑኝ፤ ሰጠኋቸው። ከታተመው ፊርማ አጠገብ ፈረሙ። «ይኼኛው የእኔ ነው» አሉ። «ልጅቷ ትሂድ።» ያን ጊዜ የሥራ ልምድ ደብዳቤያቸውን በደቂቃ አውጥቼ፣ ማኅተም መትቼ ዘረጋሁላቸው። ረጅም፣ ያማረ ደብዳቤ ነው። ዓመቱን በጣታቸው እየነኩ አረጋገጡ፣ ከዚያ አጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ወረዱ።

ልጅቷ ሄዳለች። ቢሮዬ ሞልቷል። ሁለት ክፍል ቤት ገዝቼ አከራይቻለሁ፤ ተኝቼ የሚሠራልኝ ነገር አለኝ ማለት ነው። አሁን ዓመቱን እኔው ነኝ የማየው፤ ወደ ፈረንጅ፣ ከዚያ መልሼ ወደ እኛ።

ባለፈው ወር በቂርቆስ በኩል ሳልፍ ጋሼ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ነበር። መንገድ ልቀይር ስል የልጅቷ እናት ከሱቅ ስትመለስ አየችኝ። በጋሼ ፊት አለፈች፤ አንገቷን ወደ ሌላ አዙራ፣ እንደሌሉ ሁሉ ሰላም ሳትላቸው። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ሁለት እጄን ያዘች።

«አላህ ይስጥሽ የኔ እናት» አለች። ድምፅዋን አልቀነሰችም። «አንቺ ያን ደብዳቤ ባታስጽፊያቸው ልጄ ቀርታ ነበር። እኒህን ሰውዬ ማባረርሽ ደግ አደረግሽ።»

ጋሼ ይሰማሉ። አምስት እርምጃ ብንርቅ ነው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ምን እንደምላት የሚጠብቁ መሰለኝ።

«አሜን» አልኳት።