ቀጭ ያላለችው ፍሬ

ደረቅ ጀንፈል በጥርስ ሲነከስ «ቀጭ!» ይላል። ዛሬም በሄርማታ ገበያ፣ በቡና ነጋዴዎቹ መጋዘን በኩል ሳልፍ ይህን ድምፅ ከሰማሁ ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ እቆማለሁ። አባቴ እዚያው ሄርማታ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና ማለቴ ነው፣ ከገበሬ እየገዛ በግቢያችን ባለው የሽቦ አልጋ ላይ ዳግመኛ አስጥቶ የሚሸጥ ሰው ነበርና፣ ጆንያ በተፈታ ቁጥር አንዷን ፍሬ አንስቶ ይነክስ ነበር። ቀጭ ካለች ደርቃለች፤ ዝም ብላ ጥርስ ላይ ከተለጠፈች ግን እርጥብ ናትና ጆንያው በሙሉ ወደ አልጋው ይመለሳል። ገበሬው ቢምል ቢገዘት አባቴ አይከራከርም፤ «እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሷ ናት» ብሎ ፍሬዋን ያሳየው ነበር።

አንድ በጋ ያለጊዜው ዶፍ ወርዶ የተሰጣውን ቡና ከነአልጋው አጥቦ ወሰደው። ሰፈርተኛው ሁሉ ላስቲክ ይዞ ቢሮጥም አልተደረሰም፤ አባቴም «አላህ ያመጣው ነው» ብሎ ተወው። እኔን ግን ዝናቡ አልተወኝም። ከዚያ ወዲህ በህልሜ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ቡናው ተሰጥቷል፣ ላስቲኩን ላነሳ ስል እጄ አይታዘዝም፣ ልሮጥ ስል እግሬን መሬት ይይዘዋል፤ ከዚያ «ዝናብ! ዝናብ!» ብዬ ቤቱን በሙሉ እቀሰቅሰው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ኑሪ ጠዋት ጠዋት ፊቱን እየታጠበ፣ «ሜትሮሎጂ፣ ለዛሬስ ምን አለሽ? ልብስ ይታጠብ ወይስ ይቅር?» ይለኝ ነበር።

የኑሪ መሳቂያ መሆኑን እንኳ እችለው ነበር፤ የከበደኝ ሸቤ አለመሄዴ ነው። ቡና ሲደርስ የዘመድ ልጆች በሙሉ ሸቤ አክስታችን ዘንድ ለለቀማ ይሄዱና፣ ከለቃሚዎቹ ጋር ሰሌን ላይ ተደርድረው እየተኙ፣ ሲመለሱ የወሬያቸው ብዛት የትየለሌ ነበር። እኔ ብቻ በጩኸቴ ምክንያት ቤት እቀር ነበር።

ክረምት ሲገባ አዳዳ ራህማ መጡ። «አዳዳ» በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ የሸቤዋ አክስታችን እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ሊታከሙ እኛ ዘንድ ሲከርሙ ከእኔ ጋር ይተኙ ነበርና ጩኸቴን ከማንም በላይ የቀመሱት እሳቸው ሆኑ። ቢሆንም አባቴን፣ «ዘንድሮ ይቺን ልጅ እወስዳታለሁ» አሉት።

«እቴቴ፣ ለቃሚዎቹ ቀኑን ሙሉ ለፍተው በእሷ ጩኸት ሊባንኑ? መጀመሪያ ጩኸቱ ይተዋት።»

«እስከ መቼ?»

«ቡናው እስኪቀላ።»

አዳዳ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰማሽ ኢንተላኮ፣ ልጄ? ቡናው ገና አረንጓዴ ነው። ጊዜ አለን» አሉኝ።

እኔ መድኃኒት ወይም ዱዓ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። ዱዓውንስ አድርገውልኛል፤ ከዚያ በኋላ ያዘዙኝ ግን አለመገላበጥን ነው። «ስትነቂ እንዳትነቃነቂ። በተኛሽበት ጎን ሆነሽ፣ ዓይንሽን ሳትገልጪ የህልሙን ጭራ ያዢው። ጭራው ከተያዘ ሌላው ሱታ ሱታ ይከተላል» አሉኝ፤ ሱታ ሱታ ማለታቸው ቀስ በቀስ ነው። ህልሙን የማያውቅ ሰው በህልሙ ውስጥ ምን ሥልጣን አለው ባይ ነበሩ። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ በየማለዳው ይጠይቁኛል።

«ምን አየሽ?»

«ምንም።»

«ምንምሽ ብርሃን ነበር ጨለማ?»

«እኔ እንጃ፣ አዳዳ።»

«እንጃም አንድ ነገር ነው። ነገ ደግሞ ትነግሪኛለሽ።»

ምንም፣ ምንም እያልኩ ስሰነብት አፈርኩና አንድ ማለዳ ህልም ፈጠርኩላቸው፤ ነጭ ፈረስ፣ የወርቅ ኮርቻ፣ ንጉሥ፣ ሠርግ። አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ «ይሄ ያየሽው አይደለም፣ ያሰብሽው ነው። ህልም እንዲህ ተበጥሮ አይመጣም» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ቁራጭ ነገር መምጣት ጀመረ፤ አንድ ማለዳ ሽታ፣ አንድ ማለዳ የሰው ጀርባ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ቀበና፣ ጀበና ማለቴ ነው፣ ታቅፌ ዛፍ ላይ የተቀመጥኩበት ህልም ከነጭራው ወጣ። አዳዳም ምንም ብነግራቸው «ኸይር ነው ያየሽው» ይሉኝ ነበር። ዝናቡን ፈርቼ አልተኛም ባልኩ ጊዜ ግን፣ «ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ብለው ብርድ ልብሱን ይጎትቱብኛል።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲከፈት ሌላ የአዳዳ ትምህርት መጣ። «በህልምሽ ቡናው ሁልጊዜ አለ አይደል?»

«አለ።»

«ታዲያ ንከሺዋ! አባትሽ ጆንያውን የሚያውቀው በምን ነው? የህልም ቡና ቀጭ አትልም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪሴ ከጀንፈል አይለይም ነበር። በአልጋው አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር አንዷን ነክሼ፣ ድምፁን ሰምቼ፣ «አሁን ነቅቻለሁ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። በልማድ ብቻ ስነክስ አዳዳ ከሩቅ ያውቁብኝና «ለይስሙላ አትንከሺ፣ ሰምተሽ ንከሺ!» ይሉኝ ነበር፤ ኑሪ ደግሞ «ባባ፣ ይቺ ልጅ ትርፍህን በልታ ልትጨርስ ነው» ይላል።

ጥቅምት ላይ የሸቤ ቡና መቅላት ሲጀምር አዳዳ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ እኔ ቀረሁ። እሳቸው በሄዱ በሰሞኑ ያ ህልም መጣ። ሰማዩ ጠቆረ፣ ቡናው ተሰጥቷል፣ እጄ ብቻዋን ሄዳ አንዲት ፍሬ አንስታ አፌ ውስጥ ጨመረች፤ ነከስኳት፣ ዝም! እንደ ዳቦ ልብ ሟሟች። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ወላሂ በምን ልንገራችሁ፣ «ህልም ነው! ህልም ነው!» ብዬ ጮኼ ነቃሁ፤ ከእኔ ጋር ቤቱም፣ ጎረቤቱም ነቃ። ኑሪ፣ «እኛማ ህልም መሆኑን ድሮም ነግረንሽ ነበር» አለ። አባቴም ራሱን ነቅንቆ፣ «ፈቲያ፣ ሸቤ ለከርሞ ይሁን» አለኝ።

የዚያን ዕለት አለቀስኩ። ለአዳዳ ወደ ሸቤ በሚሄድ ሹፌር መልእክት ላክሁላቸው፣ የመለሱልኝም በሹፌሩ አፍ ነው፤ «ቡና ሁሉ በአንድ ቀን አይቀላም በላት። ለቃሚ ቀዩን ለቅሞ ለአረንጓዴው ይመለሳል። ደግሞም ደስ ሲላት አትጩኽ፤ እጇን ቡናው ውስጥ ከትታ ታገላብጥ።»

ማለዳ ማለዳ ሳልገላበጥ መተኛቴን፣ ቀን ቀን ሰምቼ መንከሴን ቀጠልኩ። አዳዳ ስለሌሉ ህልሜን ለአባቴ እነግረው ጀመር፤ መጀመሪያ ላይ ለወጉ ያህል ያዳምጠኝ ነበር፣ በኋላ ግን ወደ ገበያ ሳይሄድ «ምን አየሽ?» የሚለው ራሱ ሆነ። ኅዳር ተጋምሶ ብርዱ ሲጠና ህልሙ ተመለሰ። ነከስኩ፣ ዝም አለች። ጉሮሮዬ ላይ የመጣውን ጩኸት ዋጥኩና ሁለት እጄን ቡናው ውስጥ ከትቼ፣ ሱታ ሱታ፣ እንደ ሥራ ማገላበጥ ያዝኩ። ፍሬዎቹ በጣቶቼ መሃል ሲሽሎኮሎኩ ይሰማኝ ነበር። ዝናቡ መጣ። አልሮጥኩም፣ ላስቲክም አልፈለግኩም፤ ቀና ብዬ «ዝነብ» አልኩት። ዘነበ፣ ሞቅ ያለ ነበር፤ ቡናው በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ግቢያችንን ሲዞር አየሁ፤ ያማረ ነገር ነበር።

ስነቃ ነግቷል፣ ቤቱ በሙሉ ተኝቷል። ከጎኔ ሳልነቃነቅ ሁሉንም ከጭራው ጀምሬ ሰበሰብኩና አባቴ እስኪነሳ ጠበቅኩት። ስነግረው እንደ ነጋዴነቱ ቶሎ አላመነኝም፤ ሌሎች ማለዳዎችም ያለ ጩኸት እስኪያልፉ ጠበቀ። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ቦቲ ጫማ ይዞልኝ መጣ። «የሸቤ ጭቃ ያለዚህ አይሆንም» አለኝ።

ለመጨረሻው ዙር ለቀማ ደረስኩ። እዚያ ሰሌኑ ላይ በሰው መሃል ተኝቼ ማንንም ሳልቀሰቅስ ከረምኩ። አባቴ ሊወስደኝ ሲመጣ ለለቃሚዎቹ፣ «ልጄ በህልሟ ዝናብ ያቆመች ናት» ብሎ ሲፎክር፣ እኔ በሰው ፊት አባቴን አርሜ፣ «አላቆምኩትም ባባ፣ ዘንቧል። አልሸሸሁም እንጂ» አልኩት። አዳዳ ጉልበታቸውን መታ አድርገው «አብሺር!» አሉ፤ እሳቸው ልጅ ሲያሞግሱ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ዛሬ የምኖረው እዚያው ከተማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት ብዙ ሳልቆይ ቀሪውን በራሴ እያነበብኩ ነው የደረስኩበት፤ አሁን የቡናውን ርጥበት የሚናገር መሣሪያ አለ፣ ህልም የሚያስተምርም በስልክ ሞልቷል። ልጄ ከስልኳ አይታ ትሞክርና በማግስቱ «እማ፣ አልሠራም» ትለኛለች። «ምንምሽ ብርሃን ነበር ጨለማ?» እላታለሁ፤ ትስቅብኛለች፣ ግን ማለዳ አልጋዋ ውስጥ ሳትገላበጥ ስትቆይ አያታለሁ።

አባቴም አዳዳም አሁን የሉም። አንዳንዴ ያ ግቢ በህልሜ ይመጣል፣ አባቴ ከአልጋው ማዶ ቆሞ ጆንያ ይፈታል። አንዲት ፍሬ አንስቼ እነክሳለሁ፤ ቀጭ አትልም። ልጅ ብሆን ጮኼ እነቃ ነበር። አሁን ግን እጄን ቡናው ውስጥ እከትና ከወዲህ በኩል ማገላበጥ እጀምራለሁ፤ እሱም ከወዲያ በኩል ያገላብጣል።