የሚኒባሷ ቀይ ዓይን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የፊት መብራት በሙቀት ከፍቼ፣ ውስጡ የፕሮጀክተር ሌንስ ገጥሜ፣ መልሼ በሲሊኮን አሽገዋለሁ። በሙያዬ ማንም ጣቱን እንዲቀስርብኝ አልወድም።

በቀደም አንድ የጅጋ ሹፌር ሚኒባሱን አመጣና በሌንሶቹ ዙሪያ ቀይ መብራት አሠራኝ። «ውኃ አያስገባም አይደል?» ቢለኝ፣ «ዓባይ ውስጥ ብትነክረው ጠብታ አይገባበትም! ከገባበት በነፃ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ» ብዬ ማልኩለት።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን ሊያስባርክ የንስሐ አባቱን ይዞ ከች አለ። አባ ጸበል በጆግ ይዘዋል። ሹፌሩ በኩራት መብራቱን ሲያበራው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ማነው እንዲህ ያለ ዓይን የሰጣት?»

«ለጌጥ ነው አባቴ» አልኳቸው።

«ዓይኑ የቀላ ነገር ደግ አያስብም» አሉና ጸሎታቸውን ጀመሩ። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት፣ ጆጉን እንዳለ የቀኙ መብራት ላይ ቸለሱት።

ቀዩ ዓይን ተርገበገበ፤ ከዚያ ድርግም ብሎ ጠፋ። ጸበሉ ከመስታወቱ በስተውስጥ ቁልቁል ሲወርድ ለእኔ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

«ወጣ!» አሉ አባ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ሹፌሩ ግን ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። «ወንድሜ፣ ውኃ ገብቶበት እንዳይሆን?»

ጎንበስ ብዬ የአባን መስቀል ተሳለምኩ። «ኧረ የምን ውኃ! አባ እንዳሉት ወጥቷል።»

አባ ደስ ብሏቸው ባዶውን ጆግ አቀበሉኝ። «ተባረክ ልጄ። የጸበሉ ጀሪካን መኪናዋ ውስጥ አለ፣ በል ሙላልኝ፤ የግራው ቀርቷል።»