የዘግሉል እርቅሱስና የኢንሻራሕ ደም ብዛት

በግብጿ የታንታ ከተማ፣ ከትልቁ መስጊድ ጀርባ ባለው መንገድ፣ የእርቅሱስ ሻጩን የዘግሉልን የናስ ሳህኖች ድምፅ የማያውቅ የለም። ሁለቱን ትንንሽ ሳህኖች በአንድ እጁ እያንቃጨለ፣ ከወገቡ የታሰረውን ማሰሮ ዘንበል አድርጎ እርቅሱስ ሲቀዳ አረፋው ከብርጭቆው አፍ በላይ ይነሳል እንጂ ጠብ አይልም። በረመዳን ይህን ከተዘፈዘፈ ጣፋጭ የተክል ሥር የሚጠለል ጥቁር መጠጥ ሳይዝ ወደ ቤቱ የሚገባ ጾመኛ ጥቂት ነው። ዘግሉል ሙያውን ከአባቱ ወረሰ፤ ኩራቱንም አብሮ ወረሰ። ውሃ የሚያበዙትን ሻጮች "ጭቃ አጣቢዎች" ይላቸዋል፤ ደግሞ አልዋሸም።

መጀመሪያ የሚጠልለው ወፍራሙ እርቅሱስ ግን ለገበያ አይወጣም። እሱ የሚስቱ የኢንሻራሕ ነው። ዘግሉል "እወድሻለሁ" ብሎ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ረመዳን በገባ ቁጥር፣ ለማፍጠሪያ፣ አንድ ጆግ ሙሉ ከፊቷ ያስቀምጣል፤ በቃ።

ኢንሻራሕ ደም ብዛት አለብሽ ተብላ ክኒን የጀመረችው ባለፈው ክረምት ነው። ካፈጠረች በኋላ ትውጣለች፤ አታጓድልም። ሆኖም ረመዳን ሲጋመስ የደም ግፊቷ ሲለካ ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። ሐኪሙም ሽንት የሚያስወጣ ሌላ ክኒን ጨመረላት። እሷ ግን ባሰባት። ባቷን እያኮማተረ ያስጮሃታል፣ ልቧ ያለ ምክንያት ይደልቃል፣ ከተቀመጠችበት ለመነሳት ግድግዳ ትይዛለች።

ዘግሉል ፈራ። ዘግሉል ሲፈራ ደግሞ ይቆጣል። ክኒኑን እየደበቅሽ ነው ብሎ ወቀሳት፤ ፍራሹን ሳይቀር ገልብጦ ፈተሸ። ምንም ሲያጣ፣ አንዲት ጎረቤት "ለእኔ ፍቱን ነው" ያለችውን ክኒን ባዶ ማሸጊያ ይዞ ተመሳሳዩን ሊገዛ ወደ ፋርማሲ ሮጠ። ፋርማሲስቷ ዶክተር ኒርሚን ማሸጊያውን አየችና መለሰችለት።

"የሰው መድኃኒት ለሰውየው ነው፣ አባባ ዘግሉል። ባለቤትዎን ያምጡልኝ።"

ይዟት መጣ። ኒርሚን ለካቻት፤ ከዚያ ክኒኖቹን፣ የምትበላውን፣ ጨውና ኮምጣጤ የገባበትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ኢንሻራሕ በሽታዋን አልደበቀችም፤ የምትጠጣውን ግን እስከዚያ ቀን የጠየቃት አልነበረም። በምን ታፈጥሪያለሽ ስትባል ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ደረቱን ነፋ።

"በእኔ እጅ ነዋ! የታንታን ምርጥ እርቅሱስ፣ ጆግ ሙሉ!"

ኒርሚን "አይቆጡኝ አባባ" አለች። "ይህ ሥር የደም ግፊት ያስነሳል። ክኒኑ ወደ ታች ሲጎትት እሱ ወደ ላይ ይጎትታል። ከሽንት ማስወጫው ጋር ሲሆን ደግሞ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ከሰውነቷ ያሟጥጣል፤ ልቧን የሚያስደልቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም።"

"አባቴ ይህንኑ እየጠጣ ዘጠና ደፈነ!"

"አባትዎ የእሷን ክኒን ይውጡ ነበር?"

ኒርሚን እርቅሱሱን ዛሬውኑ እንድታቆም፣ ክኒኑን ግን በራሷ እንዳትቀንስና እንዳታቆም፣ አሁኑኑ ወደ ሐኪሙ ሄዳ መጠጡን ሳትደብቅ እንድትነግረው አስጠነቀቀቻት። ሄዱ። ደሟ ሲመረመር ፖታሲየሟ እጅግ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒቷን አስተካከለ፤ የቀሩትን ቀናት እንዳትጾም ነገራት። ዘግሉልን ደግሞ ለብቻው ጠርቶ፣ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ልቧ ሊቆም ይችል ነበር አለው።

እዚህ ላይ ዘግሉል አይቶ እንዳላየ ቢያልፍ ማን ይከሰው ነበር? የዓመት እንጀራው ያለው በረመዳን ነው። ስንቱ ነጋዴ የበሰበሰ ቲማቲም ከሥር ቀብሮ ይሸጣል! እሱ ግን በማግስቱ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ሁለት ማሰሮ ይዞ አደባባዩ ላይ ቆመ፤ በአንዱ እርቅሱስ፣ በአንዱ ሮቃ ከሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ የተጨመቀ መጠጥ። ለተሰለፈው አዋቂ ሁሉ ሳይቀዳ በፊት "ደም ብዛት አለብህ?" ይላል። አለብኝ ያለውን ከእርቅሱሱ ይከለክለዋል። ሰልፈኛው ሳቀበት። "ዘግሉል ሐኪም ሆነ! ነገ ደግሞ መርፌ ሊወጋን ነው" አሉ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ወደ ጭቃ አጣቢዎቹ ሄደ።

ሐጂ አብደልመውጁድ፣ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ደንበኛ የሆኑት ሽማግሌ፣ ብርጭቋቸውን እንደዘረጉ ቆሙ።

"እኔ እንኳ ደም ብዛት አለብኝ። ግን ቅዳ! ምን ነክቶህ ነው የገዛ ዕቃህን የምታማው?"

"ኢንሻራሕን ልገድላት ነበር፣ ሐጂ" አለ ዘግሉል አንገቱን ደፍቶ። "በዚህ እጄ። ምርጡን እየመረጥኩላት።"

የታንታ ሰው ዘግሉል አንገቱን ሲደፋ አይቶ አያውቅም። ሐጂ ብርጭቆውን ወደ ሮቃው ማሰሮ አዞሩት። ከኋላቸው የነበሩ ሁለት ሰዎችም እንደዚያው አደረጉ። ዘግሉል በሕይወቱ ብዙ እርቅሱስ ሸጧል፤ ሰው ያከበረው ግን ባልሸጠው ነው።

ኢድ አለፈ። የኢንሻራሕ የደም ግፊት ወረደ፣ ባቷም አረፈ፤ ደረጃውን ያለ ግድግዳ መውጣት ጀመረች። ዘግሉል ግን አንድ ነገር ይከነክነው ነበርና አንድ ምሽት አጠገቧ ተቀመጠ።

"ይቅር በይኝ" አላት። "የምትወጂውን ነጠቅኩሽ።"

ኢንሻራሕ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

"እውነቱን ልንገርህ? እርቅሱስ ወድጄ አላውቅም። ከሠርጋችን ጀምሮ ያቅለሸልሸኛል።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የጠጣሽው?"

"እኔ ስጠጣ ፊትህ እንዴት እንደሚበራ አንተ አታየውማ።"

ዘግሉል ሁለት ቀን አኮረፋት። በሦስተኛው ቀን ግን፣ በትዳር ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መጠጣት የምትወደው ምን እንደሆነ ጠየቃት።